ወንዱ ከማዕድ፣ ሴቷ ከምድጃ፦ የቼኮች የበዓል አበላልና አጠጣጥ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ቼኮች የበዓል ምግብና መጠጥ፣ በተለይም በጎልማሳ ዕድሜ ላይ ባሉ ወንዶችና ሴቶች መካከል ስለሚታየው ልዩነት ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱን በዚህ እትም እናስተናግዳለን። የምንጠቅሳቸው ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከብርኖ)፦ ክቡር የዓምዱ አዘጋጅ፣ በነጻ የትምህርት ዕድል ወደ ቼኮዝሎቫኪያ ከመጣሁ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አገሪቱ ለሁለት ስትከፈል ብርኖ ቀረሁ፤ ቼክ ሚስት አግብቼ ልጆች አሳድጌያለሁ። ባለቤቴ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ሲሆን ወንድሟ ሁለት ዓመት ይበልጣታል። በየዓመቱ ገና ባለፈ ማግስት በቤታችን አንድ ዓይነት ክርክር ይነሣል። ወንድሟ ሆዱን እያሻሸ «ዘንድሮስ አበዛሁት» ሲል፣ ባለቤቴ «እኔ እኮ ምንም አልበላሁም» ትላለች፤ እኔም በማዕድ ላይ ከአንድ ቁራጭ ዓሣና ከጥቂት ሰላጣ በላይ ስትበላ አላየኋትም። ሆኖም በጃንዋሪ ሁለቱ ወደ ሐኪም ሲሄዱ የሁለቱም ክብደት ጨምሮ ይገኛል። ወንድሟ «በድብቅ ትበላለች» እያለ ይቀልድባታል፤ እሷም ትቀየማለች። ለመሆኑ ይህ ልዩነት የወንድና የሴት ልዩነት ነው ወይስ የእኛ ቤት ጠባይ?

መልስ፦ ጉዳዩ የእርስዎ ቤት ብቻ አይደለም፤ ባለቤትዎም አልዋሹም። በበዓል ወቅት ቼክ ወንድና ቼክ ሴት የሚበሉት ምግብ በአብዛኛው አንድ ነው፤ የሚለያዩት በሚበሉበት ጊዜና ቦታ ነው። ወንዱ በዓሉን የሚበላው ከዲሴምበር 24 ምሽት ጀምሮ ባሉት ጥቂት ቀናት፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሰው እያየው በሳህንና በብርጭቆ ነው። ሴቷ ግን ከአራት ሳምንት በፊት ጀምራ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ፣ በጣቷና በማንኪያ ጫፍ እየቀመሰች ትበላዋለች። ስለዚህ «በበዓሉ ምን በላሽ?» ተብላ ስትጠየቅ «ምንም» የምትለው ጥያቄው የማዕዱን ቀን ብቻ ስለሚመለከት ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከብስኩቱ መጀመር ያስፈልጋል። ቼኮች ጹክሮቪ የሚሏቸው ትንንሽ የገና ብስኩቶች የሚጋገሩት በበዓሉ ዕለት አይደለም፤ ከኖቬምበር መጨረሻ አንሥቶ አድቬንት በሚባሉት የገና ዋዜማ ሳምንታት፣ ብዙውን ጊዜ ቅዳሜና እሑድ፣ አንዳንዴም ከሥራ መልስ ሌሊት ይጋገራሉ። ዓይነታቸው ብዙ ነው፦ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ተሠርቶ ትኩስ ሳለ በቫኒላ ስኳር ላይ የሚንከባለለው፣ ሁለቱ ገጽ በማርማላታ የሚጣበቀው የሊንዝ ብስኩት፣ ሳይጋገር ተቀርጾ በእንቁላል ሊከር የሚሞላው የንብ ቀፎ፣ በካካዎና በቅርንፉድ የሚሠራው የድብ መዳፍ፣ በማር የሚቦካው ፐርኒክ። ከተጋገሩ በኋላ በቆርቆሮ ሣጥን ተደርድረው ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣሉ፤ በተለይ የሊንዙ ብስኩት እስኪለሰልስ ቀናት ይፈልጋልና ልጆችም ባልም እንዳይነኩት ይጠበቃል። የምትጠብቀው ደግሞ የጋገረችው ናት። ሊጡ ስኳር በቅቶት እንደሆነ የምትቀምሰው፣ የተሰበረውንና ጠርዙ ያረረውን «ለእንግዳ አይቀርብም» ብላ ወደ አፏ የምትወረውረው፣ የክሬሙን ሳህን በጣቷ ጠርጋ የምትልሰው እሷ ናት። አንድ የቫኒላ ጨረቃ 10 ግራም ያህል ቢመዝን፣ ቅቤ፣ ዱቄት፣ ስኳርና የተፈጨ ዎልነት በመሆኑ 50 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። ስድስት የተሰበሩ ብስኩቶች 300 ካሎሪ ገደማ ሆኑ ማለት ነው፤ ይህም ግማሽ ሊትር ከሚይዙት የወንድሟ የቢራ ብርጭቆዎች አንድ ተኩል ያህል ነው። ልዩነቱ የወንድሟን ብርጭቆ አስተናጋጁ በወረቀት ላይ በመስመር ሲቆጥርለት የእሷን ብስኩት ማንም አለመቁጠሩ ነው።

ዕድሜም የራሱ ድርሻ አለው። ባለቤትዎ የሚገኙበት ትውልድ በቼክ አነጋገር «የሁሳክ ልጆች» ይባላል፤ ከ1975 እስከ 1989 ፕሬዚዳንት በነበረው በጉስታቭ ሁሳክ ስም የተጠራ፣ መንግሥት ወሊድን በሚያበረታታበት በ1970ዎቹ የተወለደ ብዙ ሕዝብ ነው። ይህ ትውልድ ያደገው ሙዝና መንደሪን ለማግኘት በገና ሰሞን ረጅም ሰልፍ በሚያዝበት ዘመን፣ ሙሉ ቀን ተቀጥረው እየሠሩ ሌሊት በሚጋግሩ እናቶች እጅ ነበር። ከዚያ የተረፈው ልማድ «ዘንድሮ ስንት ዓይነት ጋገርሽ?» የሚለው የሴቶች ሰላምታ ነው። ዓይነቱ በበዛ ቁጥር ክብር አለው፤ ቅምሻውም አብሮ ይበዛል። እንደ እኔ አስተያየት ሃምሳ ዓመት ያለፋት ቼክ ሴት በገና ክብደት የምትጨምረው ከስስት ይልቅ ከዚህ ክብር የተነሣ ነው።

አሁን ወደ ማዕዱ እንምጣ። ዲሴምበር 24 ቼኮች «የልግስና ቀን» የሚሉት ዋናው የበዓል ቀን ነው። እንደ ቀድሞው የካቶሊክ ሥርዓት እስከ ማታ ይጾማል፤ በእኛ አገር የገናን ገሃድ የሚያውቅ አንባቢ ይህ አይገርመውም። ዛሬ አብዛኛው ቼክ ሃይማኖተኛ ባይሆንም፣ ጾሙን የፈጸመ ልጅ ማታ ወርቃማ የአሳማ ግልገል ያያል የሚለው አባባል እስካሁን አለ። ማታ ከዓሣው ጭንቅላት፣ ከእንቁላሉና ከነጩ የወንድ ዓሣ ዘር የተሠራ ሾርባ ይቀርባል፤ ቀጥሎ በዱቄት፣ በእንቁላልና በዳቦ ፍርፋሪ ተለውሶ የተጠበሰ ካርፕ፣ ከጎኑም ማዮኔዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ካሮትና የኮመጠጠ ኪያር የገባበት የድንች ሰላጣ ይከተላል። ከካርፑ ጋር የተያያዘው ሥራ በልማድ የወንድ ነው። ዓሣው በኦክቶበር በደቡብ ቦሄሚያ ከትርዤቦኝ አካባቢ ኩሬዎች ይጠመዳል፤ ከእነዚህ ትልቁን፣ ሮዥምቤርክን፣ ያኩብ ክርቺን ከ1584 እስከ 1590 ያስቆፈረው ነው። ከገና ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎም በየከተማው ጎዳና ላይ በትልልቅ የውኃ ገንዳ ይሸጣል። ገዝቶ የሚያመጣው፣ አንዳንዴ በመታጠቢያ ገንዳ የሚያቆየው፣ የሚገድለውና የሚቆራርጠው አባወራው ነው። ሥራው አንድ ሰዓት አይፈጅም፤ እንደ ትልቅ ጀብዱ ግን ይወራል፤ ሲያልቅም አንድ መለኪያ የፕሪም አረቄ ያስቀዳል። የሰላጣው ሥራ በዋዜማው ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ ስለ እሱ ግን ማንም አያወራም።

በማዕዱ ላይ ደግሞ አንድ እምነት አለ፦ ከእራቱ መሀል የሚነሣ ሰው እስከሚቀጥለው ገና በሕይወት አይቆይም ይባላል። ስለዚህ ሁሉም ነገር አስቀድሞ እመቤቲቱ እጅ ሥር እንዲቀመጥ ይደረጋል፤ በአንዳንድ ቤት እሷ ብቻ እንድትነሣ ይፈቀድላታል። በሁለቱም መንገድ በላተኛው ወንዱ ነው፤ እሷ አሳላፊ ናት፤ አሳላፊ ደግሞ በምግቡ ሽታ ጠግቦ ነው የሚቀመጠው። ባለቤትዎ አንድ ቁራጭ ዓሣ ብቻ ሲበሉ ያዩዋቸው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በዲሴምበር 25 ዝይ ወይም ዳክዬ ክኔድሊክ ከሚባለው የተቀቀለ ሊጥና ከጎመን ጋር ይቀርባል፤ በ26 እንግዳ ይመጣል ወይም ይኬዳል፤ የድንች ሰላጣው ጎድጓዳ ሳህን በሦስቱም ቀን ከማቀዝቀዣው ይወጣል፣ ይገባል። ወንዱ በነዚህ ቀናት ሁለተኛ ሳህን ይጨምራል፤ ሴቷ የልጅ ልጆች ያስተረፉትን እያነሣች ትጨርሳለች። ለሰውነት ሁለቱም ያው ምግብ ነው።

ተመራማሪዎችም ቢሆኑ በዚህ ጉዳይ የተመቸ መንገድ የላቸውም። በዚህ ዕድሜ ክልል ላይ በቼክ ከተደረጉት ሰፋፊ ጥናቶች አንዱ ከ2002 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 69 የሆኑ ወንዶችና ሴቶችን እንደ ሊቤረጽ፣ ይህላቫና ክሮምዬርዢሽ ካሉ ከተሞች መዝግቦ፣ ከፖላንድ፣ ከሩሲያና ከሊትዌኒያ ሰዎች ጋር ያነጻጸረው ሃፒ የተባለው ጥናት ነው። የዚህ ዓይነት ጥናት የሚጠይቀው ስለ ዘወትር አመጋገብ ነው፤ በዓል ደግሞ የዘወትር ተቃራኒ ነው። ቅምሻም «ምግብ» ተብሎ በመጠይቅ አይሞላም።

ስለዚህ ክርክሩን ለመፍታት ቀላል ሙከራ ያድርጉ፤ ሁለቱም ሦስት ጊዜ ይመዘኑ፦ አድቬንት ሲገባ፣ በዲሴምበር 24 ጠዋት፣ እና ሦስቱ ነገሥታት በሚታሰቡበት በጃንዋሪ 6። እኔ የምገምተው የባለቤትዎ ጭማሪ በመጀመሪያው፣ የወንድሟ በሁለተኛው ክፍል እንደሚገኝ ነው። ጭማሪው ትንሽ ቢሆን ደግሞ አትናቁት፤ በ2000 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 195 ጎልማሶች በበዓላቱ ሳምንታት የጨመሩት በአማካይ 0.37 ኪሎ ብቻ ነበር፤ ሆኖም በቀጣዩ ዓመት ውስጥ አብዛኛው አልወረደም።

ጥያቄ (ከፕራግ)፦ በአንድ ክሊኒክ ነርስ ሆኜ እሠራለሁ። በጃንዋሪ የሚመጡ ጎልማሳ ወንዶች ስለ መጠጥ ስጠይቃቸው «ቢራ ብቻ» ይሉኛል፤ ሴቶቹ ደግሞ «እኔ አልጠጣም» ይላሉ፤ የደም ምርመራው ግን ሁልጊዜ ይህን አያሳይም። እንዴት ብጠይቃቸው ይሻላል? ለሴቶች መጠኑ ለምን እንደሚያንስስ እንዴት ላስረዳቸው?

መልስ፦ እህታችን፣ ሁለቱም ወገኖች አውቀው ላይዋሹ ይችላሉ። ቼኮች ቢራን «ፈሳሽ ዳቦ» ይሉታል፤ በነፍስ ወከፍ የቢራ ፍጆታም ለብዙ ዓመታት ከዓለም ቀዳሚ ናቸው፤ በዓመት ከ120 ሊትር በላይ ይደርሳል። ስለዚህ ለቼክ ወንድ «መጠጣት» ማለት አረቄ መጠጣት ነው፤ ቢራ ከምግብ ይቆጠራል። በ2004 የታተመ አንድ ንጽጽር በካርቪና ከተማ ያሉ ጎልማሳ ወንዶች በዓመት የሚወስዱት ጠቅላላ አልኮል ከሩሲያዋ ኖቮሲቢርስክ ወንዶች እንደሚበልጥ፣ በአንድ ጊዜ ብዙ የመጠጣት ልማድ ግን በኖቮሲቢርስክ እንደሚብስ አሳይቶ ነበር። ቼኩ በዝግታ፣ ዓመቱን ሙሉ ይጠጣል። ለእሱ በዓል ማለት በለመደው ቢራ ላይ አረቄ መጨመር ነው፤ ይኸውም ስሊቮቪጼ የሚባለው የሞራቪያ ክፍለ ሀገር የፕሪም አረቄ፣ የካርሎቪ ቫሪ ከተማው የዕፅ ሊከር ቤኸሮቭካ ወይም ቱዜማክ የሚባለው የአገር ውስጥ ሩም ነው።

ሴቷ የምትጠጣው ግን ጣፋጭና ትኩስ ነው። በገና ገበያ አደባባይ ላይ የሚሸጠው ስኳርና ቀረፋ የገባበት ትኩስ ወይን፣ ፑንች፣ በቤት ውስጥ ከእንቁላል አስኳል፣ ከወተትና ከሩም የሚዘጋጀው የእንቁላል ሊከር፣ ያንኑ ሩም የጠጡት ብስኩቶች፣ ለዘመን መለወጫ ደግሞ አረፋማ ወይን። እነዚህ በእሷ ዘንድ ከጣፋጭ ይቆጠራሉ እንጂ ከመጠጥ አይቆጠሩም። አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ፦ በቼክ ሕግ ለአሽከርካሪ የሚፈቀድ የአልኮል መጠን የለም፤ ዜሮ ነው። በብዙ ቤተሰብ ከእንግድነት ሲመለሱ መሪውን የምትይዘው ሚስት ስለሆነች በሰው ፊት ውኃ ትጠጣለች፤ ወይኗን የምትቀዳው ቤት ገብታ፣ ሳህኑ ታጥቦ፣ ሁሉም ሲተኛ ነው። ይህን የመጨረሻ ብርጭቆ የሚያይ ስለሌለ እሷም ራሷ ትረሳዋለች።

ስለዚህ «ይጠጣሉ ወይ?» ብለው አይጠይቁ። «በሃያ አራተኛው ቀን ዓሣው ሲቆረጥ ምን ቀመሱ? በገበያው ስንት ኩባያ? እንግዶች ከሄዱ በኋላስ?» እያሉ በአጋጣሚው ይጠይቁ። መልሱን ወደ ግራም መቀየሩም ይረዳል። ባለ 4 ከመቶ ቢራ በግማሽ ሊትር 16 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይዟል፤ ባለ 12 ከመቶ ወይን በሁለት ዴሲሊትር 19 ግራም ያህል፤ ባለ 50 ከመቶ የቤት ስሊቮቪጼ በአምስት ሴንቲሊትር መለኪያ 20 ግራም ያህል። ያ «አንድ ብርጭቆ ወይን ብቻ» ከባልየው ቢራ የሚበልጥ መሆኑን ሲያዩ ብዙዎቹ ይደነግጣሉ።

ለሴት መጠኑ የሚያንስበት ምክንያት የሥነ ምግባር ጉዳይ ስላልሆነ በግልጽ ማስረዳት ይቻላል። የሴት ሰውነት በአማካይ ከወንድ ያነሰ ውኃና የበለጠ ስብ ስለሚይዝ፣ አልኮል የሚሟሟው ደግሞ በውኃ ውስጥ ስለሆነ፣ ያው መጠን በደሟ ውስጥ የበለጠ ክምችት ይፈጥራል፤ በጨጓራ ውስጥ አልኮልን የሚሰብረው ኢንዛይምም በአብዛኛው ያነሰ ነው። ዕድሜ ሲጨምር የሰውነት ውኃ በሁለቱም ጾታ ይቀንሳል፤ በማረጥ ሰሞን ባለች ሴት ላይ ወይን ትኩሳቱንና የእንቅልፍ ችግሩን ሊያባብስ ይችላል፤ የጡት ካንሰር አደጋም በትንሽ መጠን እንኳ ከፍ ይላል። ወንዱንም አያሳርፉት፤ ብዙ ከተጠጣበት በዓል በኋላ የሚመጣ የልብ ምት መዛባትን ፊሊፕ ኤቲንገርና ባልደረቦቹ በ1978 «የበዓል ልብ» ብለው የሰየሙት ያለ ምክንያት አይደለም። የዓሣ ዘር የገባበት ሾርባና ቢራ አንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ ሪህ ያለበትን ሰው ያስለቅሳሉ። የሐሞት ጠጠር በሴቶች ላይ ስለሚበዛ በተጠበሰ ካርፕና በማዮኔዝ ምሽት በጎኗ በኩል በሕመም የምትታጠፈው ብዙውን ጊዜ ሴቷ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት በጃንዋሪ 2023 ለጤና ምንም ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። ለመጀመር ለሚፈልጉ ደግሞ «ደረቁ ፌብሩዋሪ» የሚባል ወር ሙሉ ያለ መጠጥ የሚያልፍበት ዘመቻ በአገሪቱ አለ፤ የጀመረው የወንዶች ማኅበር መሆኑን ለወንዶቹ ይንገሯቸው፤ ይቀልላቸዋል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ በፋሲካ ቼክ ወንዶች ሴቶችን በአለንጋ እየገረፉ በሽልማት አረቄ ይቀበላሉ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ አለንጋው ግን ፖምላዝካ የሚባል ከለጋ የአኻያ ቅርንጫፍ የተጎነጎነ ለምለም ጅራፍ ነው። በፋሲካ ማግስት ሰኞ ጠዋት ወንዶችና ልጆች ዘመድ ጎረቤት ቤት እየዞሩ ግጥም እያሉ የሴቶችን እግር ቸብ ቸብ ያደርጋሉ፤ ቅርንጫፉ ለምለምነቱንና ጤናውን ለሴቷ ያስተላልፋል ተብሎ ይታሰባል። ሴቷ በምላሹ ያሸበረቀ እንቁላል ትሰጣለች፤ ለልጁ ቸኮሌት፣ ለጎልማሳው መለኪያ ታቀርባለች። በከተሞች ልማዱ እየሳሳ ነው፤ በሞራቪያ መንደሮች ግን ጠንክሮ አለ። የጾታው ልዩነት ከዚህ በላይ ጎልቶ የሚታይበት ቀን ያለ አይመስለኝም፦ ወንዱ ዘዋሪ፣ ሴቷ ቤት ጠባቂ ናት። በአሥር ቤት አሥር መለኪያ የቀመሰ ሰው ከእኩለ ቀን በፊት ግማሽ ሊትር ገደማ አረቄ ጠጥቷል፤ እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ይመስላል። እሷ ቀኑን ሙሉ እየቀዳች ለእንግዳ ካሰናዳችው ማዛኔጽ ከተባለው ጣፋጭ ድፎ ዳቦና በበግ ቅርጽ ከተጋገረው ኬክ ትቆርሳለች።

አረቄው የሚመጣበትም መንገድ ይህንኑ ያጠናክራል። በአገሪቱ ፍሬ አምራች የሆነ ቤተሰብ የራሱን ፕሪም ወደ ሕጋዊ የመንደር ማጣሪያ ወስዶ፣ በቀነሰ ቀረጥ፣ በዓመት እስከ 30 ሊትር ንጹሕ አልኮል ድረስ ማስወጣት ይችላል። ከዛፉ እስከ ጠርሙሱ የሚከታተለው በአብዛኛው ወንዱ ነው፤ ስለዚህ «የእኔን ቅመስ» ሲባል የሰውየው ኩራት ነው የሚቀመሰው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፦ በኮሚኒስቱ ዘመን ማርች 8፣ የሴቶች ቀን፣ በየመሥሪያ ቤቱ ለሴቶች ካርኔሽን የተባለ አበባ ተሰጥቶ ሲያበቃ ወንዶቹ በእነሱ ስም እስኪሰክሩ የሚጠጡበት ቀን ነበር። ያንን ዘመን ያዩ ሴቶች ዛሬም ድረስ በቀልድ ያነሡታል።

ጥያቄ (ከኦስትራቫ)፦ ባለቤቴ ቼክ ነው፤ ሆዱ ገፍቷል። ቢራውን ብቻ ቢተው ይጠፋል ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ቢራ ብቻውን ወንጀለኛ አይደለም። በ2003 የታተመ፣ ከ25 እስከ 64 ዓመት የሆኑ ከሁለት ሺህ በላይ ቼኮችን የያዘ ጥናት ወንዶች በሳምንት በአማካይ 3 ሊትር ያህል፣ ሴቶች ደግሞ ከሊትር ሲሶ ያህል ቢራ እንደሚጠጡ አግኝቶ ነበር። ይህን ያህል ልዩነት እያለ እንኳ ብዙ ቢራ የሚጠጡት ከማይጠጡት ይልቅ በሆድ ውፍረት እጅግ ተለይተው አልተገኙም። የጥናቱ ሰዎች በአንድ ወቅት ብቻ ስለተለኩ «ቢራ አያወፍርም» የሚል ድምዳሜ አይወጣበትም፤ ካሎሪው ካሎሪ ነው። ነገር ግን ከቢራው ጋር የሚመጣውን ሳህን ይመልከቱ፦ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ወፍራም ቋሊማ፣ በዘይት የተቀመጠ አይብ፣ ከአሳማ ጭንቅላት ሥጋ የሚሠራው ትላቸንካ። በበዓል ማግስትም በዳቦ ላይ የድንች ሰላጣ፣ ካምና እንቁላል የተደረደሩባቸው ኽሌቢችኪ ይጨመራሉ። ከቼክ ጎልማሶች ወንዶቹ ሁለት ሦስተኛ ገደማ፣ ሴቶቹ ግማሽ ገደማ ከተገቢው ክብደት በላይ ናቸው፤ ወንዱ ስቡን የሚያከማቸው በሆዱ ውስጥ በመሆኑ ቶሎ ይታያል፣ ለልብም ይከፋል። እርስዎም ማረጥ ካለፈዎ ስቡ ከዳሌ ወደ ሆድ መሸጋገር እንደሚጀምር ያስቡበት። ባለቤትዎን ቢራ ከማስተው ይልቅ ሦስተኛውን ብርጭቆና ከሱ ጋር የሚመጣውን ሳህን ማስቀረቱ የሚሳካልዎ ይመስለኛል።

ጥያቄ (ከፕልዜን)፦ አማቴ በአዲስ ዓመት ቀን ዶሮ ልሠራ ስል ከለከሉኝ፤ ምስር ወጥ ሳቀርብ ግን እጅግ ደስ አላቸው። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ በጃንዋሪ 1 የሚበር ነገር የበላ ሰው ዕድሉ ከቤት ይበራል ይባላል፤ ምስር ግን ሳንቲም ስለሚመስል ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ አይታጣም። በእራት ሳህን ሥር የሚቀመጠውና በኋላ በቦርሳ የሚያዘው የካርፕ ቅርፊትም ትርጉሙ ይኸው ነው። በብዙ ቤት ቦርሳው የሚስት፣ ዕዳው የባል ነው ተብሎ ይቀለዳል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ምስሩን የሚያጅበው ያጨሰ የአሳማ ሥጋና ቋሊማ ጨዋማ በመሆኑ አማትዎ የደም ግፊት ካለባቸው የእርስዎን ምስር ያለ ሥጋ ያቅርቡላቸው፤ ጨውም ይቀንሱ።